ቶፕዋተር ሉር (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ)፦ ዓሳው ይመታዋል፣ ግን አይያዝልኝም። ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምታጠምዱ እስቲ ምከሩኝ

የአናንዴል ልጅ፦

ሰላም ቤቶች። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ዓሳ የምታጠምዱ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው እዚህ የምጽፈው። ዘንድሮ ሰመር ትል መስቀል ሰለቸኝና ውሃ ላይ የምትንሳፈፈዋን የጎማ እንቁራሪት ገዛሁ። ቪዲዮ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ይወረውራሉ፣ እየነካኩ ይስባሉ፣ ቧ! ይላል፣ መንጠቆው እንዲገባ ዘንጉን ይነጥቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ጋ የሚሠራው ቧ! እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው።

የምሄደው ማታወማን ክሪክ ነው፣ ፖቶማክ የሚገባ ጅረት፣ ሜሪላንድ በኩል። ካያክ (ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ) ከጓደኛዬ እዋሳለሁ። ውሃው ከጉልበት እስከ ወገብ ቢደርስ ነው፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ እጅህን ስትከተው ለብ ያለ ነው። አረሙስ አያድርስ ነው። መንጠቆው ወደ ውጭ የሆነ ሉር ከወረወርኩ የማወጣው ሰላጣ ነው፣ ለዚህ ነው እንቁራሪቷን የመረጥኩት። ዓሳ የለም እንዳልል በዓይኔ እያየሁት ነው። ውሃው ይፈነዳል፣ እኔ በድንጋጤ ዘንጉን ላፍ ሳደርገው እንቁራሪቷ እየበረረች ወደ ፊቴ ትመለሳለች። ባስ የሚባለው ዓሳም፣ ስኔክሄድ («የእባብ ራስ») የሚባለውም እንደዚሁ ነው የሚጫወቱብኝ።

ዘንጌ 6 ጫማ ተኩል ነው፣ መካከለኛ የሚባለው። ተራ ስፒኒንግ ሪል (ክር መጠቅለያ)፣ ክሩ 10 ፓውንድ የሚችል ሞኖ፣ ማለት ተራው የናይለን ክር። ሱቅ ውስጥ ለሁሉም ይሆናል ተብዬ ነው የገዛሁት። መቼ ነው የሚነጠቀው? አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል ወይ? ሰዓቱስ ለውጥ ያመጣል? ንጋት ላይ ካልሆነ አትልፋ የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ደግሞ የሌሊት ሥራ ስላለኝ ብዙ ጊዜ የምደርሰው ረፋድ ላይ ነው። ሌላ ሉር ልግዛ ወይስ ይቺኑ ልማር?


ባለካያኩ፦

ችግሩ ግማሹ ክርህ፣ ግማሹ ዓይንህ ነው።

ክሩን ልጀምርልህ። ሞኖ ይለጠጣል። የእንቁራሪቷ መንጠቆ ድርብ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጎማው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ነው የሚያየው። አረም የማይዘው ለዚህ ነው። ዓሳው ሲነክስ ጎማው ተጨፍልቆ መንጠቆው መውጣት አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ጠንካራ አፍ መብሳት አለበት። ይሄ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል። ራቅ ብለህ ወርውረህ ስትነጥቅ ጉልበትህን ክሩ እየተለጠጠ ይጨርሰዋል፣ ዓሳው ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ብሬድ (የተገመደ ክር) ግዛ፣ ከ50 እስከ 65 ፓውንድ። ለ3 ፓውንድ ዓሳ ይሄ ሁሉ ክር ምን ይሠራል እንዳትለኝ፣ የምታወጣው ዓሳውን ብቻ ሳይሆን የገባበትን አረም ጭምር ነው። ብሬድ ይንሳፈፋል፣ ሲወጠር ደግሞ የአረሙን ግንድ ይቆርጣል። ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ግን እንዳትገዛ። እሱ ይሰምጣል፣ ሉሩን ከአፍንጫው ይዞ ወደ ታች ይስብብሃል።

ዘንጉም 7 ጫማና ከዚያ በላይ፣ «ሄቪ» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ያለህን አትጣለው፣ ፖፐር ለሚባለው ሉር ይሆንሃል።

ዓይንህ ያልኩት ደግሞ፣ ውሃው ሲፈነዳ ስላየህ አትንጠቅ። እጅህ ላይ ክብደት ሲሰማህ ንጠቅ። አለቀ።


ጋሽ መቃጥን፦

አንተ የአናንዴል ልጅ፣ ባለካያኩ ያለው ልክ ነው፣ ግን «አለቀ» ያለው ቦታ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው።

ባስ ሲበላ እንደ ውሻ አይነክስም። አፉን ድንገት በሰፊው ይከፍትና ውሃውን ከነምግቡ ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ያ ቧ! የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እንግዲህ አስበው፣ ክሩ የተወጠረ ከሆነ እንቁራሪቷ ወደ አፉ የምትገባበት መላ የላትም፣ አንተ ይዘህበታል። ውሃው ይገባል፣ እሷ ደጅ ትቀራለች። አንተ ተመታ ትላለህ፣ እውነትም ተመትቷል፣ ግን አፍ ውስጥ አልገባም። ከዚያ ላይ ደንግጠህ ስትነጥቅ የገባችውንም ታወጣታለህ።

ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ከመመታቱ በፊት ያለው ነው። የዘንግህን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርገህ ያዝ። ነካ፣ ላላ። ነካ፣ ላላ። በሁለቱ መሀል ክሩ ውሃው ላይ ልል ብሎ ሲተኛ ማየት አለብህ። እንቁራሪቷም በዚህ ነው ግራ ቀኝ እያለች የምትሄደው። ክሩን ወጥረህ ከሳብካት ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው፣ ልል ላይ ስትነካት ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትዞርና ቦታዋን ሳትለቅ ብዙ ትጨፍርልሃለች። አረሙ መሀል ቀዳዳ ካለ እዚያ ላይ አቁማት። አብዛኛው የሚመታው ስትሄድ ሳይሆን ስትቆም ነው።

ሲመታ ዘንጉን ወደ ዓሳው ዝቅ አድርግ፣ ልሉን ክር ቶሎ ጠቅልል፣ ሲከብድህ በሙሉ ክንድህ ወደ ላይ ንጠቅ። ይሄን ስታደርግ አስፈላጊው ጊዜ ራሱ ያልፋል። አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር የሚሉትን አልወደውም። አንዳንዱ ዓሳ ይዟት ይሄዳል፣ አንዳንዱ ወዲያው ይተፋታል፣ ሁሉንም በአንድ ቁጥር አትለካም። ድንጋጤህ አልለቅ ካለህ ሉሩን አትይ፣ ከአጠገቡ ያለ ቅጠል እይ። ቀልድ አይደለም፣ እጅህን ከዓይንህ የምትለየው እንደዚያ ነው።

እንቁራሪቷንም ከፓኬቷ እንዳወጣሃት አትወርውር። ሁለቱን መንጠቆዎች በፒንሳ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ላይና ወደ ውጭ ክፈታቸው። የጎማ እግሮቿ ከረዘሙ ኢንች ያህል ቁረጥላት፣ አንዷን ከሌላዋ ትንሽ አስረዝም፣ መዞር ይቀላታል። ከብዙ ውርወራ በኋላ ውሃ ትጠጣለች፣ ጨምቀህ አውጣው፣ አለበለዚያ ቂጧ ሰምጦ ትቀራለች።

ስለ ሰዓት ደግሞ ያ «ንጋት ብቻ» የሚሉትን ነገር ተወው። ክፍት ውሃ ላይ እውነት ነው። ወፍራም አረም ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። አረሙ ቀን ላይ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን እሱ ራሱ ይተነፍሳል፣ ይጠቀምበታል። በዚህ ምክንያት ሊነጋጋ ሲል ያ ሁሉ አረም ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ኦክስጅኑ ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ነው። ባሱ ወደ ዳር ይወጣል፣ አረሙና ክፍት ውሃው የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ይቆማል። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ስትቆይ ደግሞ ኦክስጅኑም ይመለሳል፣ ጥላም ይፈልጋል፣ ከአረሙ ሥር ይገባል። ሰው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ እንቁራሪት የማስረው ያን ጊዜ ነው። አንተ የሌሊት ሠራተኛ ነህ፣ ሥራህ ለእንቁራሪት የተመቸ ነው።


የአናንዴል ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ባሱ ውሃውን ከነምግቡ የሚስብበትን ነገር ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም። ባለካያኩም አመሰግናለሁ፣ ብሬዱን አዝዣለሁ።

አንድ ልጨምር። ስኔክሄዱስ እንደ ባሱ ነው የሚያዘው? ከኋላዋ ውሃውን እየሰነጠቀ ሲከተላት አያለሁ፣ ስቆም ይጠፋል። ሕጉስ? ያዝከው ግደለው ይላሉ፣ የለም መልሰው ይላሉ። ስሙም አሁን ተቀይሯል ሲሉ ሰማሁ።


ማሚቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ስኔክሄድ ሲነሳ እኔን ጥሩኝ ብያችሁ ነበር። 😄

የአናንዴል ልጅ፣ ስትቆም ይጠፋል ያልከው መልሱ ራሱ ነው። አትቁምበት። ባስ እንቁራሪቷ ቆማ ሲያያት ይመጣል፣ ስኔክሄድ ግን ማሳደድ ነው የሚወደው። እየተከተለህ ከሆነ በዚያው ፍጥነት ቀጥል፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምር። እኔ ድርብ መንጠቆዋን ባዶ ሆድ እንቁራሪት ትቻት፣ እግሮቿ የሚርገበገቡ ድፍን የጎማ እንቁራሪት በአንድ ትልቅ መንጠቆ ላይ ነው የማስረው። ዝም ብለህ ትጠቀልላለህ፣ ውሃውን እያንኳኳች ትመጣለች። አንድ መንጠቆ ስለሆነ የተሻለ ይገባል፣ አፉ አጥንት ብቻ ነው መቼም። ጋሽ መቃጥን ስለ መጠበቅ የተናገሩት ለባስ ይሁን፣ ለስኔክሄድ ግን ክብደቱን እንደሰማህ ወዲያው፣ በደንብ አድርገህ ንጠቅ። ከዚያ አታባብለው። ልል ክር ከሰጠኸው ራሱን ነቅንቆ ይተፋታል።

የት ነው ካልክ፣ ባስ የማይደርስበት ቦታ። ይሄ ዓሳ አየር ይተነፍሳል። ጋሼ የነገሩህ የኦክስጅን ጉዳይ ለእሱ ጉዳዩ አይደለም፣ እየወጣ ይጎነጫል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ቁርጭምጭሚት የማያደርስ የሚመስል የቄጤማ ጥግ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሰው «እዚህማ ምን ይኖራል» ብሎ የሚያልፈው ቦታ ላይ ወርውር።

ውሃው ላይ ትንንሽ ነገሮች አንድ ላይ ተሰብስበው ብልጭ ብልጭ ሲሉ ካየህ፣ እነዚያ ጫጩቶቹ ናቸው። አየር ለመውሰድ ነው የሚወጡት። እናትና አባት ከሥራቸው ሆነው ይጠብቃሉ። ከእነሱ አሳልፈህ ወርውርና በመሀላቸው ጎትታት። የሚመጣው ምት የምግብ ሳይሆን የንዴት ነው። ለሌላ ዓሳ ቢሆን ነውር ነው እል ነበር፣ ለዚህ ግን አልልም፣ ምክንያቱም ወንዙ ውስጥ ማንም የጋበዘው የለም። 2002 ላይ ሜሪላንድ ክሮፍተን የሚባል ቦታ ኩሬ ውስጥ ተገኘና ሀገር ምድሩ ደነገጠ፣ ኩሬውን መርዝ ጨምረው አጸዱት። 2004 ላይ ደግሞ ፖቶማክ ውስጥ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ትውልዱ ወደ ቻይናና ሩስያ በኩል ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ በሕይወት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ባልዲ ውስጥ፣ ኩለር ውስጥ ውሃ አድርጌ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ልትወስደው ከሆነ እዚያው ግደለው። አደራ ደግሞ፣ ውሃ ሳይኖርም ብዙ ስለሚቆይ ሞተ ብለህ መኪና ውስጥ ከተህ መንገድ ላይ እንዳያስደነግጥህ። ስሙን ሜሪላንድ 2024 ላይ በሕግ ቼሳፒክ ቻና ብላዋለች፣ ሰው እንዲበላው። ስሙ አስቀያሚ ስለሆነ ነው የማይገዙት ብለው ነው መሰለኝ። እኛ ቤት በስኔክሄድነቱም ድስት ውስጥ አልተረፈም።


ጋሽ መቃጥን፦

ማሚቱ ልክ ነሽ፣ ስኔክሄድን በተመለከተ ቃሌን አነሳለሁ። 20 ፓውንድ ያለፈም ተይዟል ሜሪላንድ ውስጥ፣ እንዲህ ያለውን በ10 ፓውንድ ሞኖ ለመሳብ መሞከር ክሩን ለዓሳው በስጦታ መስጠት ነው።


ባለካያኩ፦

ማንም ስለ ታይድ (የባህር ውሃ በየቀኑ መሙላትና መጉደል) አላነሳም እኮ! ማታወማን ከባህር የራቀ ይመስላል እንጂ ታይድ አለው። ታይዱ ዲሲ ድረስ ይዘልቃል፣ እዚያ ወደ 3 ጫማ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማታወማን ላይ ከዚያ ያንሳል። ቢሆንም ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ያ ምን ማለት እንደሆነ አስብ፤ ጠዋት ዓሳ የመታህበት ቦታ ከሰዓት ጭቃ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምወደው ውሃው መውረድ ሲጀምር ነው። ሲሞላ ዓሳው አረሙ ውስጥ፣ ቄጤማው ውስጥ ይበተናል፣ የት እንደገባ አይታወቅም። ሲጎድል ግን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወጣና የአረሙ ጠርዝ ላይ፣ ትንንሽ ቦዮች ክሪኩን በሚቀላቀሉበት አፍ ላይ ይሰበሰባል። ትንንሽ ዓሳዎችና እንቁራሪቶች አብረው ተገፍተው ስለሚወጡ ምግቡ ወደ እሱ ይመጣለታል። እዚያ ጫፍ ላይ ቆመህ ወደ ውስጥ ወርውር፣ ወደ ውጭ ጎትት።

ዛሬ ስልክ ላይ የታይድ ሰዓት በነፃ ይገኛል፣ ከመሄድህ በፊት እየው። ከሥራ ሰዓትህ ይልቅ እሱ ነው ዋናው።


ማሚቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ለባስ ይሁን። እኔ ለስኔክሄድ የምሄደው ሲሞላ ነው፣ ሙላቱ ነው ካያኬን ወደዚያ ጥግ የሚያስገባልኝ። ሲጎድል እዚያው ተጣብቆ መቅረትም አለ፣ ጭቃው እስከ ጭን ይውጣል። ወርደህ ልገፋ እንዳትል፣ ውሃው እስኪመለስ ቁጭ ማለት ነው።


ባለካያኩ፦

እሱስ እውነት ነው 😂 የሚበላ ነገር ያዝ።

ረስቼው፣ «ሌላ ሉር ልግዛ ወይ» ብለህ ነበር። ሁለት ብቻ። አንድ ፖፐር፣ ንጋት ላይ ወይም ደመና ሲሆን ክፍት ውሃና የአረም ጠርዝ ላይ የምትጠቀመው። ጎርጎድ ያለ አፉ ውሃውን ይተፋል፣ ቡጭ አድርገህ ቀለበቱ እስኪጠፋ ተወው። ሌላው ዎፐር ፕሎፐር ወይም የእሱ ዓይነት፣ ጭራው የሚሽከረከር። እሱ ጥበብ አይጠይቅም፣ ወርውረህ መጠቅለል ነው፣ ዓሳ የት እንዳለ በፍጥነት ለመፈለግ ይጠቅማል። በዝቤይት የሚባለው ሉርም ያው ነው ግን ካቆምክ ይሰምጣል። ዛራ ስፑክ የሚባለውን ሉር በኋላ ተማረው፣ ግራ ቀኝ ማስኬዱ እጅ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ መንጠቋቸው ክፍት ነው፣ አረም ላይ አይሆኑም።

አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። እንቁራሪቷን መትቶ ከሳተ አትጠቅልላት፣ እዚያው ትንሽ ተዋት፣ ከዚያ ነካ አድርጋት። ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ካልመጣ ደግሞ ሁለተኛ ዘንግ ላይ ክብደት ያልታሰረበት የጎማ ትል አዘጋጅተህ ያው የፈነዳው ቀዳዳ ውስጥ ጣልበት። ቀስ ብሎ ሲወርድ ይወስዳታል።


ከማያሚ ነኝ፦

እናንተ ሦስት ወር ነው ሙቅ ውሃ ያላችሁ፣ እኛ ዓመቱን በሙሉ። ፍሎሪዳ የመጣ ሰው ካለ ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ ነው።

እዚህ ማያሚ ቦዮች ውስጥ ፒኮክ ባስ አለ፣ ከደቡብ አሜሪካ 1984 ላይ መንግሥት ራሱ አምጥቶ የለቀቀው፣ ቦዮቹን የሞሉትን ሌሎች መጤ ዓሳዎች እንዲበላ ተብሎ። ይሄ ዓሳ የቀን ዓሳ ነው። ማታ አይበላም፣ ንጋት ላይም ፈዛዛ ነው። ፀሐይዋ አናትህ ላይ ሆና ላብህ ሲንጠባጠብ ነው የሚያብደው። ቶፕዋተር ላይ በፍጥነት መሳብ ነው፣ መጠበቅ ምናምን አያውቅም። ሽበት ካላቸው ባሶቻችሁ ጋር አታወዳድሩት።

የኛ ችግር አሊጌተር ነው፣ የአዞ ዘመድ። ውሃ ላይ የሚንቦጫረቅ ነገር ሲሰማ ይመጣል፣ ሉሩን ከሩቅ ይከተለዋል። ሲመጣ ካየህ ቶሎ ጠቅልለህ ሌላ ቦታ ሂድ፣ በ65 ፓውንድ ብሬድ አዞ የሚያህል ነገር አስሮ ማን ሊፈታው ነው።


ጨሞ ዳር፦

አሊጌተር አሉ። 😅 እኛ አርባምንጭ ነን፣ ኑ የአዞ ገበያን እዩና ከዚያ እናወራለን። ኩልፎ ወንዝ ጨሞ ሐይቅ በሚገባበት ሞቅ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አዞዎቹ ተደርድረው ነው ፀሐይ የሚሞቁት። ጉማሬውስ። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ወገቡ ድረስ ገብቶ ዘንግ የሚወረውር ሰው አላየሁም፣ እንዳይም አልፈልግ። የኛ ሰው በጀልባ ወጥቶ መረብ ነው የሚጥለው። ውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆች ለእረፍት ስትመጡ ሉራችሁን ይዛችሁ ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ ከጀልባ ላይ፣ ከአካባቢው ዓሳ አጥማጅ ጋር ሆናችሁ ይሁን። ዳር ላይ ቆማችሁ አይሁን።


የአናንዴል ልጅ፦

ጨሞ ዳር፣ እኔ የማታወማን ኤሊም ያስደነግጠኛል፣ አትስጋ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ጓደኛዬ ካያኩን አንዳንዴ ራሱ ይፈልገዋል፣ ከዳር ሆኜ ይሆናል? የቨርጂኒያ ፈቃድ ይበቃል ወይ? እናቴ ደግሞ ፍልሰታ ስለደረሰ ዓሳ ከያዝክ አምጣ ብላለች፣ ግን ስኔክሄድ የሚለውን ስም ስትሰማ ፊቷ ተቀየረ። እባብ ነው ወይ አለችኝ።


ጋሽ መቃጥን፦

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ማታወማን የሜሪላንድ ክሪክ ነው፣ የሜሪላንድ ፈቃድ ያዝ። ሜሪላንድ ደግሞ ታይድ ላለው ውሃና ለሌለው ውሃ የተለያየ ፈቃድ ስላላት ስትገዛ ታይድ ላለው የሚሆነውን ምረጥ። በስልክህ ከተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ታወጣዋለህ። ዲሲ ውስጥ ካጠመድክ የዲሲ ለብቻው ነው። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፣ አንዱን ይዞ በሦስቱም ይዞራል፣ ከዚያ ቅጣት ሲመጣ «አላውቅም ነበር» አይሠራም። ባስም የመጠን ገደብ አለው፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል፣ ከመውሰድህ በፊት የዓመቱን እይ።

ከዳር ይሆናል። ማታወማን ላይ ስሞልዉድ ፓርክ አለ፣ ቨርጂኒያ በኩል ሊሲልቬኒያ ፓርክ የማጥመጃ መድረክ አለው። ችግሩ ከዳር ሆነህ አረሙን ወደ ራስህ ነው የምትስበው፣ ዓሳውን በላዩ ላይ ማንሸራተት አለብህ። ስለዚህ ወፍራሙን ብሬድ ከዳር ስትሆን የበለጠ ትፈልገዋለህ። እግርህ ኮቴ እንዳይሰማ ቀስ በል፣ እዚህ ጥልቀት ላይ ዓሳው ከፊትህ ሁለት እርምጃ ላይ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ከእግርህ ሥር ካለው ዳር ጀምረህ ወርውር፣ ሩቁን በኋላ። ሰው ሁሉ መሀል ለመድረስ ሲታገል ዓሳው ከእግሩ ሥር ይሄዳል። ካያክ ኪራይ ከፈለግክ ሎርተን ያለው ፖሂክ ቤይ ፓርክ ያከራያል።


ባለካያኩ፦

አንድ ቀን ማሎውስ ቤይንም ሞክር፣ ሜሪላንድ በኩል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተረፉ ከመቶ በላይ የእንጨት መርከቦች እዚያ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ተኝተዋል። ግማሾቹ ላይ ዛፍ በቅሎባቸዋል። 2019 ላይ የተጠበቀ ቦታ ተብሏል። የመርከቦቹ ጎን ጥላ ነው፣ ጥላ ባለበት ባስ አለ። የብረት ዘንጎች ውሃ ውስጥ ስላሉ ግን በቀስታ ቅዘፍ።

እና እባክህ ላይፍ ጃኬትህን ልበሰው፣ ካያኩ ኋላ ላይ አስረኸው አትሂድ። ሰመር ከሰዓት ነጎድጓድ እዚህ ድንገት ነው የሚመጣው። ከሩቅ ሲያጉረመርም ከሰማህ ያኔውኑ ውጣ። 7 ጫማ የካርቦን ዘንግ ይዘህ ባዶ ውሃ መሀል መቀመጥ መብረቅን መጥራት ነው።


ማሚቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ለእናትህ እንዲህ በላቸው፦ እባብ አይደለም፣ ዓሳ ነው፣ ጭንቅላቱ የእባብ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣበት። ቅርፊት አለው፣ ክንፍ አለው፣ ኦሪት ዘሌዋውያን የሚጠይቀውን ሁለቱንም ያሟላል። ያ ወንዙን የሞላው ብሉ ካትፊሽ ነው ቅርፊት የሌለው፣ እንደ አምባዛ። እሱን ነው ብዙ እናቶች የማያስገቡት። ዓሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እዚህ አንጀምረው፣ ባለፈው የተጀመረው ገና አላለቀም።

ሥጋው ነጭ ነው፣ ጠንከር ያለ፣ አይፈራርስም፣ ስለዚህ ለጉላሽ አንደኛ ነው። ላዩ ዝልግልግ ስለሆነ በጨውና በሎሚ እሸው፣ ከዚያ ቆዳውን ግፈፈው። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ እንደ ወኔህ፣ ዓሳውን መጨረሻ ላይ ጨምረህ ብዙ አታማስል። ብዛቱን በተመለከተ ሜሪላንድ ከየትኛው ወንዝ ምን ያህል ዓሳ በወር ይበላ የሚል ምክር ታወጣለች፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት። እሱን እየው።

መንጠቆውን ስታወጣ ጣትህን አፉ ውስጥ አትክተት፣ ባስ አይደለም፣ ጥርስ አለው። ረጅም ፒንሳ ያዝ። ካያክ ላይ ከሆንክ ደግሞ መጀመሪያ ዓሳውን በፎጣ ጠቅልለው፣ አለበለዚያ እየዘለለ ስልክህን ውሃ ውስጥ ይከትልሃል።